ሽማግሌዎቹን ያባረረው ወለል

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና፣ የበልግ ዝናብ ሊገባ ሲል ነው። ሶዶ ውስጥ ወሬውን የሰማው ሰው በዝቷል። እያንዳንዱም ሲያወራው የራሱን ቅመም ስለሚጨምርበት፣ እኔው ራሴ እንደሆነው አድርጌ ልጻፈው አልኩ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ አጻጻፌ ቢያንስ እለፉኝ።

እኔ ስጋት የማያጣኝ ሰው ነኝ። ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ከኋላ ተከትዬ፣ አይተውኝ እንዳያፍሩ ባሕር ዛፍ ጀርባ ቆሜ፣ አስፋልቱን እስኪሻገሩ የማይ እናት ነበርኩ። የመጀመሪያ ልጄ ምህረት አድጋ ኮሌጅ ስትገባ ባሕር ዛፉ ቀረ እንጂ ስጋቱ አልቀረም። ስለዚህ አንድ ቀን አንገቷን ደፍታ «እማ፣ ኤርሚያስ ሽማግሌ ሊልክ ነው» ስትለኝ፣ ስጋቴ እልልታውን እንኳ አላስጨረሰኝም።

ኤርሚያስን አውቀዋለሁ። ጤና ጣቢያ የሚሠራ፣ ሲናገር ቀስ የሚል ልጅ ነው። ቤተሰቦቹን ግን አላውቃቸውም። የዲምቱ ሰዎች ናቸው። ሴት ልጅ ደግሞ ለባሏ ብቻ አትሰጥም፤ ለአጎቱም፣ ለአክስቱም፣ ለቤቱ ሁሉ ነው የምትሰጠው። ምን ዓይነት ሰዎች ይሆኑ? ቁጡ ይሆኑ? ልጄ ብትታመም ውሃ የሚያቀብላት ይኖር ይሆን? ይህን ሁሉ ለማንም ሳልናገር ሆዴ ውስጥ ያዝኩትና ወለሉ ላይ ተወጣሁት።

ቤታችን አሮጌ ነው። ባለቤቴ ከአጎቱ የወረሰው ነው። ሳሎኑ በቀይ የሸክላ ንጣፍ የተሠራ መሆኑን በወሬ እንሰማለን እንጂ ሸክላውን ዓይተነው አናውቅም። አጎትየው በየበዓሉ ቀይ ሰም ሲለቀልቁበት ኖረው፣ ሰሙ ሲጠቁርባቸው አረንጓዴ የዘይት ቀለም ደረቡበት። ቀለሙ መላጥ ሲጀምር ደግሞ ቫርኒሽ አፈሰሱበት። እንግዲህ ያ ሁሉ ተደራርቦ በፀሐይ ቀን እንደ ቅርፊት ይነሳል፤ በዝናብ ቀን እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።

ሽማግሌዎቹ እሑድ እንደሚመጡ ከተነገረኝ ጀምሮ በዓይኔ የሚመጣው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። አንድ ትልቅ ሰው ከዘራቸውን ይዘው ይገባሉ፤ ገና ሰላምታ ሳይሰጡ ያንሸራትታቸዋል፤ ዳሌያቸው ይሰበራል፤ የልጄ ሽምግልና ወደ ሆስፒታል ይዞራል።

«ወለሉን አስለቅቄ ሸክላውን ማውጣት አለብኝ» አልኩት ባለቤቴን።

«ሰዎቹ ልጅ ሊጠይቁ ነው የሚመጡት ወይስ ሊጨፍሩ?» አለኝ። እሱ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ታላቅ ወንድሙን ለእሑድ ሊያመጣ ወደ ቦምቤ ሄደ። እኔ ደግሞ ቀድሜ፣ ዓርብ ዕለት፣ ቀለም ሱቅ ሄጄ ነበር።

ሻጩ ትዕግሥተኛ ሰው ነው። ለቀለሙና ለቫርኒሹ ቀለም የሚያለሰልሰውን አኳራጅ፣ ለሰሙ ሙቅ ውሃና ሳሙና አለኝ። አኳራጁ ቶሎ እንዳይተን በላስቲክ ሸፍኜ እንዳቆየው፣ ሸክላውን እንዳልቧጥጠው በብረት ሳይሆን በእንጨት እንድፍቀው፣ በርና መስኮት እንድከፍት፣ እሳት እንዳላስጠጋ ነገረኝ። እኔ ግን ጥያቄዬ አያልቅም።

«እሳት ባይኖርስ፣ ስልክ ቢጠራ?»

«ምን ስልክ?»

«ማደያ ላይ ስልክ አጥፉ ይላል እኮ!»

ሰውዬው ከኋላዬ የተሰለፈውን ሰው አየና «ከፈለግሽ አጥፊው» አለኝ። ለእንደኔ ዓይነቷ «ከፈለግሽ» ማለት ትእዛዝ ማለት ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ከመጀመሬ በፊት የእኔንም የምህረትንም ስልክ አጥፍቼ ጎረቤቴ እትዬ ጥሩወርቅ ዘንድ አስቀመጥኩ። ትንንሾቹን ልጆች እህቴ ቤት ላክኋቸው። ሶፋውን፣ ቁም ሳጥኑን፣ ቴሌቪዥኑን ሳይቀር ግቢ አወጣንና አንሶላ አለበስነው። አፍንጫዬን በሻሽ አሰርኩ፤ እጄን በጓንት፣ እግሬን በፌስታል ጠቀለልኩ። ምህረት አይታኝ «እማ፣ ጨረቃ ላይ ልትወጪ ነው?» አለችኝ።

መጀመሪያ ከበሩ ጀርባ ትንሽ ቦታ ላይ ሞከርኩ። ላስቲኩን ስገልጠው አረንጓዴው ቀለም ተጨማዶ እንደ ገንፎ ለስልሷል። በእንጨቱ ስገፋው ተጠቅልሎ መጣ። ከሥሩ ያለው ጥቁር ሰም በሙቅ ውሃና በሳሙና ተፈትጎ ሲነሳ፣ ያ ስንሰማው የኖርነው ሸክላ ብቅ አለ። ከምድጃ የወጣ ዳቦ ይመስላል! ከዚያ ወዲያ ማን ይያዘኝ? ሳሎኑን በሙሉ አኳራጅ አጠጣሁት። እርጥቡን የሚመጥልን ሰጋቱራ ከአናጺ ቤት አምጥተን በየቦታው በተንን። መሀል ላይ ስደርስ ወለሉ ግማሹ ሸክላ፣ ግማሹ ጭቃ ሆኗል።

ምህረት ሙቅ ውሃ ልታመጣ ወደ ጓሮ እንደወጣች የበሩ ብርሃን ጠፋ። ቀና አልኩ። ዓይኔ ከአኳራጁ ሽታ የተነሳ ያለቅሳል። ሦስት ሰዎች በሩ ላይ ቆመዋል፤ ፀሐይዋ ከጀርባቸው ስለሆነች ፊታቸው አይታየኝም። የፊተኛው እግሩን አንስቶ አስገባና ልክ የለሰለሰው ቀለም ላይ ረገጠ።

«አትግቡ!» ብዬ ጮህኩ።

ሰዎቹ ባሉበት ደረቁ። ከመካከላቸው አንዱ በአገራችን ሰላምታ «ሳሮ፣ እኛ እንኳን...» ብሎ ሊጀምር ሲል ኪሱ ውስጥ ስልክ ጠራ። እኔ ከዚያ በኋላ የሆንኩትን አላውቅም። ቤቱ ሲነድ፣ ምህረት ስትጮህ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታየኝ።

«ውጡ! ውጡልኝ! ተመለሱ!» እያልኩ መፋቂያ እንጨቴን እንደ ጎራዴ አወዛወዝኩባቸው።

«ሰምተናል» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ። ብርሃኑ ወደ በሩ ተመለሰ።

የመብራት ቆጣሪ አንባቢዎች ነበር የመሰሉኝ። ቤቴን ከቃጠሎ በማዳኔ ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰማኝና ወደ መፋቄ ተመለስኩ። ብዙም ሳልቆይ እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላዋ መሬት እየጠረገ እየሮጠች መጣች።

«አንቺ፣ ምን ብለሽ መለስሻቸው?»

«እነማንን?»

«ሽማግሌዎቹን ነዋ! ሦስት የከበሩ ሰዎች፣ ኮታቸው የተተኮሰ! የምህረትን አባት ቤት አሳዩን ብለውኝ በጄ ጠቁሜ አሳየኋቸው። ወዲያው ሲወጡ አንዳቸውም አልተናገሩ። አንደኛው በራፍሽ ላይ ቆሞ እግሩን ሲያራግፍ በዓይኔ አየሁት!»

የእግሩን ትቢያ ማራገፍ መጽሐፍ ላይ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። እዚያው ሰጋቱራው ላይ ቁጭ አልኩ።

ምህረት እትዬ ጥሩወርቅ ቤት ሮጣ ስልኳን ከፍታ ተመለሰች። ፊቷ አመድ መስሏል። ኤርሚያስ ከማለዳ ጀምሮ ሲደውል፣ ሲጽፍ ነው የዋለው። እሑድ ዲምቱ ላይ ቀብር ስላለ ሽማግሌዎቹ ቀኑን ወደ ቅዳሜ አምጥተውት ኖሯል።

«እማ፣ ምን አልሻቸው?»

«አትግቡ።»

«ሌላስ?»

«ውጡልኝ።»

«ሌላስ?»

«ተመለሱ» አልኩ።

እኛ አገር ለሽምግልና የመጣን ሰው ደጅ ላይ መመለስ ማለት ልጅ የለንም፣ ብትኖረንም ለእናንተ አይደለችም ማለት ነው። እምቢ የሚል አባት እንኳ አስቀምጦ፣ አክብሮ፣ ቀጠሮ ሰጥቶ ነው እምቢ የሚለው። እኔ እንጨት አንስቼባቸዋለሁ። ምህረት አላለቀሰችም። ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

እንዳለሁ ወጣሁ። ጓንቴን አላወለቅሁ፣ ፌስታሉን ከእግሬ አልፈታሁ። ያስቆምኩት ባጃጅ ሹፌር አሸተተና «እናቴ፣ ነዳጅ ጠጥተሽ ነው?» አለኝ።

«መናኸሪያ! ልጄ ልታመልጠኝ ነው!»

«ጠፋች እንዴ?»

«ባሏ ነው የሚጠፋው! ንዳ ዝም ብለህ!» በዕድሜዬ ሹፌር ፍጠን ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

መናኸሪያ ስደርስ የዲምቱ ሚኒባስ ሞተሩን አስነስቷል። ረዳቱ «አንድ ሰው! የቀረው አንድ ሰው!» እያለ ይጮሃል። ስጠጋው ተሳፋሪ መስዬው ክንዴን ይዞ ወደ ውስጥ ገፋኝና በሩን ዘጋ። ስቀመጥ ፊት ለፊቴ ሦስት የተተኮሱ ኮቶች ተደርድረዋል።

«አባቶቼ፣ እኔ ነኝ» አልኩ ሻሹን ከአፌ አውርጄ።

ወፍራም ድምፅ ያላቸው አቶ ላሊሶ ይባላሉ፤ የኤርሚያስ አጎት ናቸው። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ «ሽማግሌ ተመለስ ከተባለበት ደጅ ዳግም አይቆምም» አሉ።

«ተመለሱ ያልኩት እሳት እንዳይበላችሁ ብዬ ነው!»

«እሳት? የት የነበረ እሳት?»

«ኪስዎ ውስጥ ነበር። ስልክዎ።»

ሁሉንም አንድ በአንድ ተናገርኩ፤ ሰሙን፣ ቀለሙን፣ አኳራጁን፣ የሚሰበረውን ዳሌ። ከኋላ የተቀመጠች ዝንጅብል ነጋዴ አንገቷን አስግጋ እጄን አሸተተችና «እውነቷን ነው አባቶቼ! ይቺ ሴት ክብሪት ቢጫርባት አብራን ትነዳለች» አለች። ረዳቱ ወዲያው መስኮት ከፈተ።

በዚህ ጊዜ መካከል የተቀመጡት ሽማግሌ፣ ያ ቀድመው ወለሉን የረገጡት አቶ መና፣ ጫማቸውን አንስተው ገለበጡት። ሶሉ ላይ አረንጓዴ ቀለምና ሰጋቱራ ተጋግሯል። «እኔም እኮ በራፉ ላይ ላራግፈው ብል እምቢ አለኝ። እግሬ ከዚያ ቤት አልወጣም ሲለኝ ነው ነገር እንዳለ የጠረጠርኩት» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አቶ ላሊሶ አልሳቁም፤ ግን ከዘራቸውን አነሱ። «ወለሉን ልየው» አሉና ወረዱ፤ እኛም ተከተልናቸው።

ግቢ ስንደርስ ሳይነገራቸው ስልካቸውን አጥፍተው ለምህረት ሰጧት። ከበሩ ቆመው ወለሉን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ግቢ ውስጥ፣ አንሶላ በለበሰው ሶፋ ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌ ጥያቄው ሳይመለስለት ውሃ እንኳ አይቀምስም፤ መልስ የሚሰጠው አባት ደግሞ ገና ከቦምቤ አልመጣም። እኔ ወለሉን ልፋቅ ወይስ እንግዳ ልያዝ፣ ከበር ወደ ግቢ እሽከረከራለሁ።

አቶ ላሊሶ ቀና ብለው ወደ ዳሞታ አዩ። ተራራው አናቱ የለም፤ ደመና ውጦታል።

«ይህ ዝናብ አይምርሽም» አሉኝ። «ቴሌቪዥንሽም ውጭ ነው።»

«እባክዎ እርስዎ አይጨነቁ።»

«እስካሁን አንቺ የተጨነቅሽው ለሁላችንም ይበቃል» አሉና ኮታቸውን አውልቀው፣ አጥፈው ሶፋው ላይ አኖሩ። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። አቶ መናም፣ ሦስተኛው ዝምተኛ ሽማግሌም ተነሱ። እኔ «አይሆንም! ነውር ነው!» እያልኩ እለምናለሁ፤ እነሱ እንጨት ይመርጣሉ።

እንዲህ ነው እንግዲህ የልጄ ሽማግሌዎች ሳሎኔ ውስጥ የተንበረከኩት። አቶ መና ላስቲኩን ይገልጣሉ፣ አቶ ላሊሶ ቀለሙን ይገፋሉ፣ ዝምተኛው ሰጋቱራ ይበትናሉ፣ እኔና ምህረት ሰሙን በሙቅ ውሃ እንፈትጋለን። አቶ ላሊሶ ለካ ኃይለኛ ናቸው። «እዚህ ጋ ሰም ቀርቷል፣ የምህረት እናት! ዓይንሽ የት ነው?» ይሉኛል። ምህረት ውሃ ስትደፋ እግሯ አንዴ ቢያንሸራትታት ሦስቱም እንጨታቸውን ጥለው ሊይዟት ተነሱ። አልወደቀችም። እኔ ግን ያንን አየሁ።

ልንጨርስ ጥግ ጥጉ ሲቀረን የግቢው በር ተንኳኳ። ባለቤቴና ታላቅ ወንድሙ ናቸው። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ የሚያየው ሦስት ጀርባና ሦስት አረንጓዴ ጫማ ነው።

«ሠራተኛ ቀጠርሽ እንዴ? ይኸውልህ፣ እኔ ስሄድ ብልህ ትሆናለች!» አለ ለወንድሙ። ከዚያም በጣቱ እየጠቆመ፣ «አባባ፣ ያቺ ጥግ ቀርታለች፤ ገንዘቤን በከንቱ እንዳትበሉ!»

በዓይኔ ጠቀስኩት፣ አላየኝም። ሳልኩ፣ አልሰማኝም። ወንድሙ ክንዱን ያዘው፤ እሱ እቴ! «ለመሆኑ ስንት ጠየቁሽ?» አለኝ።

አቶ ላሊሶ ቀስ ብለው ተነሱ። ጉልበታቸውን አራገፉ፣ ወደ እሱ ዞሩ። ሁለቱ ጓደኞቻቸው ከግራና ከቀኝ ቆሙ። ምህረት ባልዲዋን ይዛ ወደ ጓሮ ሮጠች።

«ዋጋችንን ላንተ ልንነግርህ ነው ስንጠብቅህ የዋልነው» አሉ አቶ ላሊሶ። «ልጅህን ምህረትን ለልጃችን ለኤርሚያስ ስጠን። ከዚህ የሚቀንስ አንቀበልም።»

ባለቤቴ እኔን አየ። ወንድሙን አየ። የተጠቆመችውን ጥግ አየ። ከዚያ ኮቱን አወለቀ፣ ከእጄ መፋቂያዬን ተቀበለ፣ ሄዶ ያችን ጥግ ተንበርክኮ ፋቃት። ሲጨርስ ብቻ ነው ቀና ብሎ «እግዚአብሔር ከፈቀደ፣ ልጅቷም ካለች፣ እኛ እሺ ብለናል» ያለው። ከጓሮ በኩል ባልዲ ሲወድቅ ሰማን። እትዬ ጥሩወርቅ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ስትሰማ ኖሮ እልልታውን አቀለጠችው።

ዝናቡ የወረደው የመጨረሻውን ሶፋ ስናስገባ ነው። ለእሑድ የተገዛውን ሥጋ እዚያው ጠብሰን በሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ አቀረብን። ሽማግሌዎቹ ከጠዋት ጀምሮ አልቀመሱምና ማንም ብሉልኝ ብሎ አልለመናቸውም።

ሠርጉ በቀጣዩ በጋ ሆነ። የአቶ ላሊሶ ባለቤት የሠርጉ ዕለት ወደ ጥግ ወስደው «ከተጋባን ጀምሮ የጠጣበትን ብርጭቆ አንስቶ የማያውቅ ሰውዬ አንቺ ቤት ወለል ፋቀ የሚሉት እውነት ነው?» አሉኝ። እውነት ነው ስላቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «እስቲ ሚስጥሩን ንገሪኝ» አሉኝ። ምን ልበላቸው? መጀመሪያ በእንጨት አባርሬያቸው ነው አልኳቸው።

አሁን ሰው ሲያነሳብኝ አላፍርም። ጠባዬም አልተለወጠም፤ ዛሬም ስጋት አያጣኝም። ግን ምህረት ከዲምቱ ደውላ ጉንፋን ይዞኛል ስትለኝ፣ እንደ ድሮው በሌሊት መኪና አልሳፈርም። ሱሪያቸውን አበላሽተው ሳሎኔ ውስጥ የተንበረከኩት ሰዎች ዘንድ ናት እላለሁ፤ ልቤን አሳርፋለሁ። የቀትሩን መኪና ነው የምይዘው።